የሰባተኛው ደቂቃ እጅ

ኩማና፥ ከባሕሩ ዳር፤ መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት፣
ስልኬ አሥራ አንድ በመቶ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ ቤቱ እሳት።
ወንድሜ ኤልዩት ከደጃፍ ካርቶን ይዞ ያራግባል፤
“አሁንም እዚያ ሙት መንደር ልትጽፊ ነው እንዴ?” ይላል።
“ዮሬሊስ እንኳ ለቀቀች፥ ቬንቲሌተር ገዛች ባዲሱ፤
አሮጌው ሳንቲም ወደቀ፥ ዛሬም ምን አለሽ ከእርሱ?”

እውነቱን ነው።
የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የወደቀ ሳንቲም ግን
ምሳር እንኳ የሚያነሣበት የለም፤ ዝም ብሎ ይቀንሳል፣
እንደ ወንዛችን በበጋ።

መምህር ነበርኩ፥ የሥነ ሕይወት፤ ላቦራቶሪው ሳይዘጋ
የወር ደመወዜ አይደርስም ከአንድ ትሪ እንቁላል ዋጋ።
ስለ ሳርዲን፥ ስለ ወደብ፥ ስለ መረብ ጠጋኝ ሴቶች
አንድ ሌሊት ጻፍኩ፤ ላክሁት ወደማላውቃቸው ሰዎች።
በዚያ መንደር ደንቡ እንዲህ ነው፤ ያነበበ እጁን ያወጣል፣
የወጣው እጅ ሲቆጠር ጽሑፉ ሳንቲም ያፈራል።
የመጀመሪያው ምርቴ፥ አራት እንቁላል፥ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፤
እናቴ አገላብጣ አየችው፤ “እንዴት? ይህ ሁሉ ከሐሜት?”

ያን ሌሊት እጁን ያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤
ቪቶልድ፥ ከፖላንድ፤ ሠላሳ ዓመት ትራም ሲነዳ የኖረ።
ቋንቋዬን አያውቅም፤ ማሽን አስተርጉሞለት ያነባል፣
“ሳርዲን ስትተኛ ዓይኗን ትከድናለች ወይ?” ይላል።
“ነገ እመልሳለሁ” አልኩት። ነገ መብራት ጠፋ፤
ከነገ ወዲያ እናቴ ታመመች፤ ጥያቄው በሌላ ወሬ ተገፋ።
እሱ ግን አልተቀየመም፤ እጁን በቀጠሮ አሰረ፣
በጻፍኩ በሰባት ደቂቃ፥ ቢተኛም፥ ቢያመውም፥ መውጣት ጀመረ።

ከዚያ ቦታው ተሸጠ። ገዢው ሀብታም፥ ፊቱን አላየነው፤
ግማሹ “ዝርፊያ ነው” አለ፥ ግማሹ “ንግድ ነው”።
አዲስ መንደር ቆረቆሩ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ተከተለ፣
የቀረው መስኮት ሁሉ ተዘጋ፥ መንገዱ ሣር አበቀለ።
እኔም ልነሣ ነበር። ያን ሳምንት ከልጁ ደብዳቤ ደረሰኝ፤

“አባቴ በየካቲት ሞተ። መሬቱ በረዶ ሆኖ
ለመቆፈር ሁለት ቀን ጠበቅን። ከወረቀቶቹ መሃል
ስምሽን አገኘሁ። ቁልፉን ግን ለማንም አልነገረም፤
አሥራ ሁለት ቃል ነው ይላሉ፤ አብሮት ተቀበረ።”

ቁልፍ ያልተገኘለትን እጅ ማን ያወርደዋል?
ዛሬም ብጽፍ በሰባተኛው ደቂቃ ይነሣል።
ዋጋው? ሲወርድ ሲወርድ ሦስት ሳንቲም የቀረው፤
የእንቁላል ቅርፊት አይገዛም። ኤልዩት ልክ ነው።

ማክሰኞ አዲሱን መንደር ስሜን ሰጥቼ ገባሁት፤
የስምንት ዓመት ጽሑፌን እዚያው በበቀለበት ተውሁት።
“እምቦሳ እሰሩ” ልል አፌን ብከፍት፥ “ቤት ለእምቦሳ” ያለኝ የለም፤
ሰባት ደቂቃ ቆጠርኩ። ስምንት። ሃያ። ማንም።
በአርባኛው አንድ እጅ ወጣ፤ ዮሬሊስ ናት፥ ከመንገዱ ማዶ፣
በመስኮት ታየኛለች፤ ቬንቲሌተሯ ቆሟል፥ መብራት ሄዶ።

ስለዚህ ሳምንቱ ለሆድ ነው፤ አዲሱ መንደር ይከፍላል፣
ዱቄቱንም፥ የእናቴን ክኒንም፥ እንዳቅሙ ይሸፍናል።
ቅዳሜ ማታ ግን ስልኬ አሥራ አንድ በመቶ ሲቀረው
ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፤ ኤልዩት ያጉረምርም፥ ልተወው።

ዛሬ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፤
“ቪቶልድ፥ ሳርዲን የዓይን ቆብ የላትም፤
ገልጣው ነው የምታድር። ስላዘገየሁ ይቅርታ።”

አንድ። ሁለት። ካርቶኑ ቆመ፤ ኤልዩት አንገቱን አስግጎ
ከትከሻዬ በላይ ያያል። አምስት። ስድስት።
ሰባት ላይ እጁ ወጣ።
ሦስት ሳንቲም።
መብራቱ ግን ገና አልመጣ።