የቆመበት

መጽሐፉ ጀርመንኛ፣ ገጹ ዘይት የጠጣ፣
ከሽመናው ማሽን ጋር በአንድ ሳጥን የመጣ፤
«የጨርቅ ጉድለቶች» የሚል አናቱ ላይ፣
ቃሉ መቶ አሥራ ሁለት፣ ፊደሉ ጉንዳን መሳይ።
እኔም በድሬ ሐሩር፣ ከዚራ ዛፍ ሥር፣
መዝገበ ቃላት ይዤ ስገልጥ ስዳክር፣
«ፌልሹስ» የሚል ገጠመኝ፤ ቃል በቃል ፈታሁት፣
«የሳተ ጥይት» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩት።

ኢፍቱ ጨርቅ መርማሪ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
መብራት በበራ ሰሌዳ ጣቶቿ የዋሉ፣
ሳቀች እስክታነባ፣ በሻሿ ጠረገች፤
«ማን ተኮሰ ደግሞ እኛ ክፍል?» አለች።
«ጥይት አይደለም ልጄ፣ ማግ ነው የዘለለ፤
መወርወሪያው አልፎ ክሩ ግን የሌለ።»

ቀጥሎ «ኔስት» መጣ። የወፍ ጎጆ፣ አልኳት።
«ጎጆ ምን አጠፋች? ስንቱ ሲመኛት፣
ስንቱ ጎጆ ሳይወጣ ፀጉሩ ሲሸብት!
ትብትብ ናት በእኛ ስም፤ ጻፋት፣ አትፍራት።»

«ጋሰ» አልኩ ደግሞ፦ ማግ ከማግ ሲርቅ መሐሉ
ብርሃን እያሾለከ ስርጥ መንገድ መምሰሉ፤
እንደ ጀጎል መንገድ...
«የለም፣» አለች፣ «ጀጎል
ትከሻ ለትከሻ ሰውን ያገናኛል፤
ይሄኛው ይለያል።
ፍንጭት በለው፣» ብላ ፈገግ አለች፤
ለካ ራሷም ፍንጭት ናት።

ከዚያ «አንላስሽቴለ»።
መዝገበ ቃላቱ «የተነሳበት ቦታ» ይላል፤
ማሽን ቆሞ ሲነሳ ጨርቁ ላይ የሚቀር ሰረዝ።
ኢፍቱ አልሳቀችም።
ከመሳቢያዋ ሥር ቁራጭ አቡጀዴ አወጣች፣
ጣቴን ይዛ ፀጉር በሚያህል መስመር ላይ አስኬደችው።
«ደቻቱ የሞላ ሌሊት ነው። መብራት ጠፋ።
ማሽኑ ሁሉ ዝም ሲል የውሃውን ድምፅ ሰማን።
የአብዶሽ ቤት ወንዙ ዳር ነበር፤ በሩጫ ወጣ።
ከመስመሩ ወዲህ የእሱ እጅ ነው፤
ከመስመሩ ወዲያ ሌላ ሰው የሸመነው።
ጀርመኑ የተነሳበት ይበል።
እኛ የቆመበት ነው የምንለው።»

ሠንጠረዡ ለአንድ ቃል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።
«የቆመበት» ብዬ ጻፍኩ፤
ማሽኑ ይሁን ሰውዬው፣ አማርኛው አልጠየቀኝም።

ቁራጩን አጣጥፋ መለሰች።
«ቀጥል፣» አለች፣ «ገና ሃምሳ ሰባት ቃል ይቀራል።»