ለግንብ ልብስ ስሰፋ

ሁለት ክንድ ከስንዝር ናት፣ የጓሮዬ ስፋቷ፣
እንደ ኮት እጅጌ ነው፣ ጥበቷ ከርዝመቷ።
በዚህ በኩል ቤቴ፣ የጭቃ ግድግዳ፣
በዚያ በኩል ግንቡ፣ የወንድሜ ዕዳ።

ብሎኬት ነው፤ የለሳኝ እጅ ያላወቀ፣
ሲሚንቶው በየስፌቱ እንደ ሕፃን ንፍጥ ወርዶ የደረቀ፣
ከላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ አረንጓዴና ቡኒ፣ ጥርሱን አግጦ የሳቀ።

አባታችን ባረፈ፣ ልክ በሙት ዓመቱ፣
ሽማግሌ ጋቢውን አራግፎ ሲነሣ፣ ሲያልቅ ሙግቱ፣
ይበልጣል ግንበኛ ጠራ፤
በሦስት ቀን ጮቄን ጋረደኝ፣ ያን የሚያህል ተራራ።
ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ከማን እንደሚበልጥ ግን አልነገረውም፤
እሱም ግንቡን ከእኔ ቁመት በሦስት ረድፍ አስበለጠው፤
ሌላ መለኪያ አልነበረውም።

መጀመሪያ ኖራ ቀባሁት፤
ለፋሲካ አስነጣሁት።
ሐምሌ መጥቶ አጠበው፤ ኖራው እንደ ወተት ወረደ፣
ግንቡም ከነግራጫ ፊቱ፣ እንደ አዲስ ተወለደ።

ከዚያ መጋረጃ ሰፋሁለት፣ ከቁርጥራጭ ከትርፍራፊ፣
ከፖፕሊን፣ ከተማሪ ዩኒፎርም፤ ምን ቸገረኝ፣ ልብስ ሰፊ!
ሰቀልኩት። ነፋስ ገባበት።
ሌሊቱን ሙሉ አጨበጨበ፤ «ሠርግ ነው ወይ?» ተባለበት።

ዱባ ብተክል፣ ዱባ ፀሐይ ይወዳል፤
እዚህ የሚገባው ብርሃን ለመርፌ ቀዳዳ ይበቃል።

አንድ ቅዳሜ፣ ከጮቄ ሥር ጌሾ ይዛ የምትወርደው ጥሩዓለም፣
ቆማ አየችውና፣ «ግንብ» አለችኝ «ጨርቅ አይለምድም፤
ሐረግ ስጪው። ሐረግ ድንበር አያውቅም።»
ሐረግ አለች፤ ዝም አልኳት።
በሐረግ ተቆጥሮ የመጣ ግንብ መሆኑን አልነገርኳት።

ሁለት እግር ጠምበለል አመጣችልኝ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፤
በተሸነቆረ የዘይት ጀሪካን ተከልኩት፣ ከግንቡ እግር ሥር፣ ከጥላ።
ክር እየሳብኩ መራሁት፣ እንደ ዘምዛሚ፣ ቀስ ብዬ፤
ዕጣቢ ውኃ አጠጣሁት፣ ከራሴ ሳፋ ቀንሼ፣ ከራሴ ብዬ።
አንድ ዓመት ቅጠል ብቻ።
በሁለተኛው መስከረም፣ ከጠርሙሱ ጥርስ ሥር ደረሰ፤ እዚያ ላይ ነው መጨረሻ፣
ይቆርጠዋል አልኩ፤ የለፋሁት ሆነ የስለት መፈተሻ።

አልቆረጠውም።
በርጩማ ላይ ቆሜ ባየው፣ ዓይኔን ራሱ አላመንኩትም፦
ስባሪው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ቆሰለ ጣት፤
ሐረጉም በሲባጎ ታስሮ ተሻግሯል፣ ወደ ማዶ፣ ፀሐይ ወዳለበት።
ሲባጎው የኔ አይደለም።
ቋጠሮውም የኔ አይደለም።

ጨርቁን በጣቴ ዳበስኩት፤ ካኪ ነው።
ተተልትሏል እንጂ፣ ጠርዙ ላይ የቀረው ዝምዝማት የኔ ነው።
ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የሰፋሁለት ሱሪ፤
ይሄን ሁሉ ዘመን ያስቀመጠው ለምንድን ነው?

አልጠራሁትም፤ አልጠራኝም።
ተራራዬንም አልመለሰልኝም።
ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ፣ ንፍጡ እዚያው ነው፣ እንደ ደረቀ፤
ልብስ የሰፋ ሰው ያውቃል፣ ጌጥ ገላን ሸፈነ እንጂ አላራቀ።
አበባው እንደሆነ ከእሱ ወገን ነው የፈነዳው፣ ነጭ በነጭ፤
ለእኔ የደረሰኝ ግንዱ ነው፣ ጥቂት ቅጠልና የክር ቁራጭ።

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ሽታው ሲበረታ፣
ከማዶ አነጠሰ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ አባታችን፣ ደረት ሲመታ።
«ይማርህ!» አልኩ፤
አፌ ነው ያለው፤ እኔስ ገና አላልኩ።
ከዚያ እግሬ ፔዳሉን ረገጠ፣ መኪናዬ ዞረ፤
«ያኑርሽ» ይሁን፣ የቅጠል ኮሽታ፣
ሳልለየው ቀረ።