የአርባ ብር መንገድ

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ባጃጅ ሳይንጫጫ፣
የጎሹ ቪትዝ ቆመች፣ ከበሬ መውጫ።
ምንትዋብ ከፊት ናት፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ከኋላ እኔና፣ ትርፍ ጎማ፣ ውሃ፣ አንድ ካርቶን ዕቃ።
ከአዳማ ወጣን፤ ወደ ሐዋሳ ነው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ «እንመጣለን» ያልነው።

ኪሴ ውስጥ ፖስታ አለ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
የዳንጊሶ አርባ ብር፣ ከኮሌጅ የቀረ።
ያኔ የሳምንት ምሳ ነው፤ ዛሬ ቢመነዘር፣
ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ እሱም በክርክር።
ገንዘቡስ ገንዘብ ነው፤ የከበደኝ ቃሉ፤
«ምን ሰጠኸኝ?» ብዬ፣ ካድኩት ሰዎች እያሉ።

እኛ ባሕር የለን፤ ሐይቆች ናቸው ያሉን፣
ከቆቃ ጀምረው፣ በቀኝ ሲሉ በግራ፣
እየተቀባበሉ የሚሸኙን።

ቆቃ ላይ ጀመርኩት፦ «ዳንጊሶ፣ ይቅርታ…»
መቂ ላይ ስደግመው፣
የቀበሌ ወረቀት ሆነ፣ ማኅተም የተመታ።
ዝዋይ ቁርስ ጠየቅን፤ ያለው ዓሣ ለብለብ፣
ጎሹ አጥንት ሲለቅም፣ ስለ ነዳጅ ሲያስብ፣
ምንትዋብ «ምን ሆነሃል?» አለች።
«ምንም» አልኳት። ምን ልበል?

ላንጋኖ መልኩ ሻይ ነው፣ ወተት የገባበት፤
«እዚህ ነው» አለ ጎሹ፣ «ዋና ላስተምርህ ብሎ፣
ዳንጊሶ የከተተኝ፣ ሱሪዬ የሄደበት።»
ሳቅን። ሳቅ ረጅም ነው፣ እስከ አርሲ ነጌሌ ያደርሳል፤
ሻሸመኔ ላይ ግን መንገዱ ይታፈናል፣
ጎሹ ይሳደባል።

ሐዋሳ ስንገባ፣ ታቦርን ቀድመን አየን፣
አባ ኮዳ ካባ ደርቦ፣ ከመብራት ምሰሶ ላይ፣
እንደ ዳኛ ገላመጠን።
ዳንጊሶ በር ላይ ነው። ራሱ ሸብቷል፣ ጢሙ አልሸበተም፤
አቅፎ አልለቀቀኝም።
ሚስቱ ታደለች ቦርሳችንን ይዛ ገባች፣
«ይሄ ነው እንዴ?» ብላ፣ እኔን ለይታ አየች።

ማታ ሐይቁ ዳር ወጣን፤ ነፋስ ከአላሙራ ወርዶ፣
ፀሐይ ስትገባ ከዚያ ማዶ፤
የአጥማጆቹ ጀልባ ተራ በተራ ሲመለስ፣
ፖስታውን አወጣሁት፣ እጄ በላብ ሲርስ።

«ይሄ ያንተ ነው» አልኩት።
«ምንድነው?»
«አርባው ብር።»
«የቱ አርባ?» አለኝ፤ ፊቱ ላይ
አንዳች የሚያውቅ አልነበር።
ነገርኩት፦ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካድኩት ቃል፤
ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ሰማኝና፣
«ይሄስ ሌላ ሰው ይሆናል።

እኔ የማስታውሰው» አለ፣ «ወባ የያዘኝ ለት፣
እስከ ጤና ጣቢያ ያዘልከኝን ነው፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሌሊት፤
አንዱ ጫማህ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስክለት።
ለታደለች ስንት ጊዜ ነገርኳት!
አገኘኸው ግን በኋላ?»

እኔ? አዝዬው? መቼ? በየትኛው ዝናብ?
ራሴን ፈተሽኩት፤ ጭቃ የለ፣ ጫማ የለ፤
እኔ ዘንድ ያለው ያ ገንዘብ።

ጎሹ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ብሎ ዘለለ፤ ግንድ ነበር።
ምንትዋብ ፖስታውን ቀማችኝ፣
ከአንድ ልጅ ኦቾሎኒ ገዛች፣ በአርባ ብር፤
አራት የጋዜጣ ጥቅል፣ ጨው የበዛበት።
ዳንጊሶ የራሱን ጨርሶ፣ የኔን ጀመረልኝ፤
ዝም አልኩት።

እሑድ ጠዋት ከአሞራ ገደል፣ ታደለች በላስቲክ ቋጥራ፣
አሥር ቆሮሶ አሸከመችን፤
ጎሹ ስለ መኪናው ሽታ፣ እስከ ሻሸመኔ ሲያወራ፣
ምንትዋብ መስኮቱን ከፍታ ተኛች።

ሐይቆቹ አሁን ዞረዋል፤ የቀኙ በግራ ነው።
በየውሃው ዳር ያንን ዝናብ እለምናለሁ፣
ያንን ሌሊት፣ የዳንጊሶን ትኩስ ግንባር ማጅራቴ ላይ፣
አንድ ጊዜ ብቻ ባየሁ።
ላንጋኖ አልሰጠኝም። ዝዋይም።
መቂ ላይ ሽንኩርት ገዛን፣ በክርክር።
ቆቃ ጋ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁት፤
ሁለቱም ጫማ ነበር።