ለሁሉም አንድ «ዩ»

ምርጫዬ ሕግ ነበር፤ ቀጥሎ ሒሳብ አያያዝ፤
እንግሊዝኛን የሞላሁት
ሦስተኛው ሳጥን ባዶ ነው ተብዬ እንዳልያዝ።
ዝርዝሩ ሲለጠፍ፣ ሬጅስትራሩ ደጅ ሰሌዳ ላይ፣
ስሜ ከዚያው ሥር ነው፤
ደጋግሜ ባይ፣ ደጋግሜ ባይ።

አባባ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ፣
ካፖርታቸውን እየቆለፉ፣ ግማሽ ቀልደኛ፣ ግማሽ ዳኛ፣
«ምን አለበት?» አሉኝ፤
«እኔ ሰው ሲገባ ሲወጣ እፈትሻለሁ፤
አንቺ ደግሞ ቃል ትፈትሺያለሽ፤
ወንበር እንኳ አለሽ፤ እኔ እቆማለሁ።»
መስመሩ የተዛነፈ፣ ለገበያ ያልበቃ
ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡኝ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ በጠባሴ ውርጭ
እነዚያ ጠማማ መስመሮች አሞቁኝ።

ሕግ የደረሳት ጎረቤቴ ሕሊና ታዝንልኝ ነበር፤
«ቋንቋ ምን ያበላል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ካፌ በር።
«የሚበላውስ አፍ አይደል?» አልኳት።
መልሴ እኔንም አላጠገበኝ።

የትምህርት ኮሌጁ ዶርም፣ ስድስት ሰው፣ አንድ መስተዋት፤
እየተሻማን የምናፈጥበት በየጥዋት።
ምላስ በጥርስ መሃል ይወጣል፣ አየር ቀስ ብሎ ያልፋል፤
«ዚስ» ስንል የመምህር ክፍለዮሐንስ ጆሮ ይቆስላል፤
«ንብ ናችሁ እንዴ?» ይላሉ።
ውርጩ ግን ከሳቸው በላይ አስተማረን፤
ትንፋሽ በዓይን በሚታይበት አገር
ትክክል ስንል መስተዋቱ ይደበዝዛል፤
ስንስት የገዛ ፊታችንን መልሶ ያሳየናል።
የመሐል ሜዳዋ እልፍነሽ ብቻ፣
የፊት ጥርሷን በልጅነቷ በቅሎ ጥላት ያጣች፣
ያን ጊዜ ነው አሉ ድምፁን ይዛ የተነሣች።

ማታ ግን፣ መብራት ሲጠፋ፣ አንድ ነገር ያስቀኛል፦
«ጭቅጭቅ» ለማለት የለንደን ልጅ
ማን መስተዋት ይይዝለት ይሆን? ያሰኘኛል።

ሦስተኛው ዓመት፣ ልምምድ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ስልሳ ስምንት ልጆች፣
በአንድ ዴስክ አራት፤
ከኋላ ገምጋሚዬ፣ ሁለት የማይስቁ ዓይኖች።
ዓምና «ሙቀት» ብለው ያወቁትን
ዘንድሮ በባዕድ ስሙ ሲጠሩት
ይበርዳቸዋል፤
ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእኔ በር ነው የሚገቡት።
ተውላጠ ስም ነው ርዕሱ፤ አርባ ደቂቃ ተሸንሽኗል።
በጠመኔ ደረደርኩ፦ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ፤
ፊት ለፊታቸውም
ዩ፣ ዩ፣ ዩ፣ ዩ።

ከኋላ ዴስክ ትንግርት እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ አያቴንና ድመታችንን
በአንድ ቃል ልጥራ?» አለች።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገምጋሚዬ አልሳቁም፤ የሆነ ነገር ጫሩ።
እኔ ጠመኔውን በጣቴ እያደቀቅኩ ቆምኩ፤
ዕቅዴ ላይ «ጥያቄና መልስ፣ አምስት ደቂቃ» ከሚለው በቀር
ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበር።
«ነገ እነግርሻለሁ» አልኩ።

ማታ በባጃጅ ፋብሪካው በር ወረድኩ።
አባባ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር፣ እጃቸውን በብብታቸው።
«አር ዩ ኮልድ?» አልኩ፤ ለሙከራ ነው፣ ልያቸው።
ቃሉ አላጎነበሰም፤
አንገቴ ግን ሳላዘው አጎነበሰ፤
ድምፄም ጫማውን እንዳወለቀ ሰው ቀስ ብሎ ደረሰ።
«ዩ ማለት ማን ነው?» አሉኝ።
«እርስዎ» አልኩ። «ድመትም።»
ጢማቸውን አሹ፤ «ርካሽ ነው፤
ለሁሉም አንድ ዋጋ፤ መከራከር የለም።»

ከደብረ ሲና በኩል አንድ የጭነት መኪና፣
ጉም እንደለበሰ፣ ወደ በሩ ቀረበ።
አባባ የእጅ ባትሪያቸውን አንሥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣
«ዩ!» አሉ፤ «ቁም!»
ሹፌሩ ቆመ።
ይሰደብ ይከበር ሳይገባው
ኮፍያውን አወለቀ።

ሌሊቱን ጠማማውን ብርድ ልብስ ተከናንቤ የነገውን ዕቅድ ጻፍኩ፤
«መርጃ መሣሪያ» በሚለው ረድፍ፣ ከጠመኔ ቀጥሎ፣
«የእጅ ባትሪ» አልኩ።