ያደረ ውሃ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከብርኖ ወጣ ብሎ፣ ከውሃው ጣቢያ፣
ክሎሪን መጣኝ ነበርኩ፤ እሱ ነው እንጀራዬ፣ እሱ መተዳደሪያ።
ከተማው ሲተኛ እኔ ብልቃጥ ይዤ፣
በአምፖሉ ብርሃን ቀለሙን መዝኜ፣
«ይጠጣ» እል ነበር። ጠጡት። አደጉበት።
ሕፃናት ታጠቡ፣ ሾርባ ተሠራበት።
አንድ ሰው አልታመም በኔ እጅ ባለፈው፤
ጡረታ ስወጣ ይህ ነው ደረቴን የነፋው።

ሉድሚላ ስትሞት ቤቱ ጭር አለብኝ፤
የልጄ ልጅ ራድካ የመስታወት ገንዳ ከአሥራ ሁለት ዓሣ ጋር ይዛ መጣችልኝ።
ኒዮን ይባላሉ፤ ከጥፍር አይበልጡም፣
ሰማያዊ መብረቅ፣ ቀይ ክር፣ አያርፉም።
ቧንቧዬን ከፈትኩት። የገዛ ውሃዬን።
ያን የማምነውን፣ ያን የዕድሜ ሥራዬን።
ጠርቶ ነበር፣ ጠርቶ! ከመስታወቱ ጋር አይለይም ነበር፤
ፀሐይ ስትገባበት ግድግዳዬን ሁሉ ታስጌጠው ነበር።

ሲመሽ አንዱ ዓሣ ተንጋለለ ወደ ላይ።
ሲነጋ የቀሩት። ቆሜ እነሱን ሳይ፣
ምግብ ያነቀውን ውሃ ያወርዳል፤
ዓሣን ውሃ ሲያንቀው በምን ይወርዳል?
ክሎሪኑ ነው። የኔ። በግራም የማውቀው።
ከስንጥቡ ገብቶ የሚያቃጥለው።

ከምንጭ ልቅዳ አልኩኝ፤ ከኖራ ድንጋዩ ዋሻ ሥር የሚፈልቅ፣
ጣት የሚያደነዝዝ፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ፣ ጣሙ ከወይን የሚልቅ።
መመርመሪያ ገዛሁ፤ ጠብታ ቆጠርኩ፣ ቀዩ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ፤
አሥራ ዘጠኝ ሞላ። ውሃስ አይደለም ይህ፤ ድንጋይ ነው የሚፈስ።

የዝናብ ውሃ አልኩ። ከጣሪያ ቀዳሁት።
ጥቀርሻ፣ የርግብ ኩስ፤ ለአበባ ሰጠሁት።

ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን፣ የነጠረውን አመጣሁ ደግሞ፤
አንዲት ጠብታ ብቻ። ዜሮ። ባዶ። ጭልጥ ያለ። ማን ይኖራል ከዚህ ከርሞ?
ጨው የለው፣ ጠላት የለው፣ ትዝታም የለበት።
ሌሊት ነቃሁና ወጥ ቤቴን አየሁት፤
አንድ ሳህን ታጥቦ፣ አንድ ማንኪያ ተደፍቶበት።

ሦስተኛ ፎቅ ያለች ቦህዳና ሰማች፤ ድሮ ትራም ነጂ፤
ምድር ቤቷ ሙሉ ዓሣ ነው፤ እግሯ ያነክሳል፣ ምላሷ ግን ፈጂ።
«አንተ የቧንቧ ቄስ፣ ንጹሕ ትፈልጋለህ?
ዓሣ ንጹሕ አይሻም፤ ያደረ ነው 'ሚሻው፤ ይህን መች ታውቃለህ?
ባልዲህን ሙላና ክፍቱን ተወው፤ ክፉው ይተንፍስለት፤
ሁለት ሌሊት ይደር። ከነጠረው ደግሞ እኩል ጨምርበት።
የወደቀ የኦክ ቅጠል ጣልበት፣ ሻይ እስኪመስል፤
ከዚያ ስድስት ሳምንት ባዶ ገንዳ ጠብቅ።»
                                    «ባዶ ገንዳ?»
                                            «ባዶ ይመስልሃል!»
የማጣሪያዋን ስፖንጅ ጨመቀችልኝ፤ ጥቁር፣ የሚሸት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገደልኩትን፣
በባልዲ ተሸክሜ አስገባሁት ቤት።

ሳምንት ሳይሞላ ደፈረሰ፣ ወተት መሰለ።
እጄ ቧንቧው ላይ ነበር። ልደፋው ነበር። ተወው አለችኝ፤ ተውኩት፤
                                                          በራሱ ጊዜ ጠለለ።
የሚሠራ አይታይ፣ ድምፅ አይሰማ፤
እኔ ወንበሬ ላይ፣ ከሚፈላው ሻማ
የማይሻል ብርሃን... አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ሻማ አይፈላም፤
የሚፈላው ሻዬ ነው። ሰው ብቻውን ሲቆይ ቃል አይታዘዘውም።

ራድካ አራት አመጣች፤ አሥራ ሁለት አላለችም።
ላስቲኩን ከነዓሣው ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ፤ በስኒ በስኒ ጨመርኩ፤ አልቸኮልኩም።
ዛሬ ሁለት ወር ሆነ። በሻይ መሳዩ ውሃ ቀይ ክር ይሰፋል።
ወጥ ቤቴ መሬት ላይ፣ ክዳን የሌለው ሁለት ባልዲ ያድራል።
ማለዳ ስነሣ፣ ገና ጫማ ሳላደርግ፣
ጎንበስ እልና፣ ድምፄን ዝቅ በማድረግ፣
ሉድሚላ ከሄደች ለማንም ያላልኩትን፦
«እንዴት አደራችሁ?»