ፎቶ ተነሺ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከማዘጋጃ ቤት ደጅ፣
ቀይ ጃንጥላዬን አንስቼ፣ «እንዳትበታተኑ!» አልኩ እንደ አዋጅ።
ሰባት ናቸው ዛሬ፤ ኮፍያና የላስቲክ ውሃ
የተሸከሙ፣ የሚያቋርጡ ይመስል በረሃ።
ሰባተኛዋ ኢርማ ትባላለች፤ ሰማንያ አልፏታል፣
ምርኩዟ ከእሷ ቀድሞ ድንጋዩን ያንኳኳል።
«ፒያሳው የታለ?» አለች ገና ሳንነሳ፣
«አደባባይ ማለት አይደለም ወይ ፒያሳ?»

ምን ልበል? የእኛው አደባባይ የለውም፤
ስሙን ተከራየን፣ ትርጉሙን አልጠየቅንም።
ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጫማ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣
ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ሁሉም ገባ ከነአቀበቱ።
ሳቀች። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካልሲ ብዬ ቆጠርኩላት፣
የአገሯ ሰዎች ረስተው የሄዱትን ዕቃ አንድ በአንድ መለስኩላት።
«ከታች ያለው ሰፈርስ?»
«እሪ በከንቱ።»
ፈታሁላት። ሌላ ስም አልጠየቀችም።

እንግዲህ ጉብኝቱ።
በቀኝ በኩል የምታዩት ሣር ነው፤
ከሣሩ ሥር፣ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ፣ የእትዬ ዝማም በር ነው።
በግራ፣ የብስክሌቱ መንገድ ላይ፣ የሙሴ አርሻቪር ስፌት ቤት ነበር፤
ሦስት ደረጃ ነበረው፤
አሁንም እዚህ ስደርስ እግሬ ከፍ ይላል፣
ሜዳው ላይ ያደናቅፈኛል።
ስልጠናው ላይ «ያለውን አሳዩ» ተብለናል።
አሳያለሁ፦ ይህ አዲስ መብራት፣ ይህ ፏፏቴ፣
ማታ ማታ ቀለሙን ይቀያይራል፤
ያምራል፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ያምራል።

ሰዓት ሠሪው ታፈሰወርቅ፣ እዚህ፣ አግዳሚው ካለበት፣
የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ አምስት ደቂቃ ያስቀድም ነበር፣
ሞት ሲመጣ «አሁን ወጡ» እንዲባልለት።
የመጣው ግን ሞት አልነበረም፤ ቀለም የያዘ ልጅ እግር ነበር።
እጅ ነስቶ፣ በራችን ላይ ቀይ ኤክስ አድርጎ ሄደ።
የሂሳብ አስተማሪዬ እንኳ
ያን ያህል ትልቅ ኤክስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ኢርማ ደከማት። አግዳሚው ላይ፣ ከታፈሰወርቅ ጉልበት ላይ ተቀመጠች።
«የእኔም ከተማ ኮረብታ ላይ ነው» አለች፣
«ግንቡ ሺህ ዓመቱ ነው፤ አንድ ድንጋይ አልጎደለም፣ ሰዉ ነው ያለቀው።
ዘጠኝ ቀርተናል ከቄሱ ጋር፤
ቄሱም የሚመጣው እሑድ እሑድ ነው።
ቤት በአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንሸጣለን፤
ገዢ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል።
ማታ አምፖሌን ሳበራ
ከሸለቆው ማዶ ያሉት ‹ከተማው ገና አለ› ይላሉ።
አለ የሚሉት እኔን ነው።»

ዝም አልኩ። ከዚያ እኔም ነገርኳት፦
የእኛ ሰው አለ፤ አላለቀም፤ ገላን ጉራ ነው፣ አራተኛ ፎቅ።
እናቴ በረንዳ ላይ ወጥታ «ዝማም!» ብላ ትጣራለች፣
ዝማም ስድስት ሕንፃ ማዶ ናት፤
ድምጿ ግድግዳ ቆጥሮ ቆጥሮ ይመለሳል፣
ከዚያ ካርድ ሞልታ ትደውላለች።

ያንቺ ድንጋይ ሰው ናፈቀ፣ የእኔ ሰው ድንጋይ፤
ባሕሩ ባይኖር በመካከል፣ አንዋዋስም ነበር ወይ?

ስድስቱ ኮፍያዎች ሰዓታቸውን አዩ።
ምሳ ደርሷል።
ኢርማ ግን አልተነሳችም። «ቤታችሁ የት ጋ ነበር?» አለችኝ።
ከሁለተኛው ምሰሶ፣ ወደ ዘንባባው፣ አምስት እርምጃ።
ስልኳን ለአንዱ ሰጠች፤ ክንዴን ያዘች፤
ምርኩዟን ሣሩ ላይ ተከለች፣
ልክ እናቴ መጥረጊያውን ታቆምበት የነበረው ጋ፣
ማንም ሳይነግራት።

በእኛ ቋንቋ ሰው ፎቶ ይነሳል፤ ቤትም ይነሳል።
አንዱ ሲነሳ ይቀራል፤ አንዱ ሲነሳ ይረሳል።
የቀበሌው ወረቀት ላይ ከስሜ ጎን «ተነሺ» የሚል አለ፤
አጣጥፌ ከአስጎብኚ ፈቃዴ ጋር ነው የያዝኩት።

«አንድ፣ ሁለት» አለ ሰውየው።
ጃንጥላዬን አጠፍኩ።
ደጃችን ላይ ቆሜ፣
ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳሁ።