ተራ ቁጥር አርባ ሁለት

የጨረታው ሣጥን ማክሰኞ ተከፍቶ፣
የጋዲ ዋጋ ከኛ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ፣
በወር፣ በየዕቃው፣ ስድስት ሸቀል ብቻ፣
አሸነፈ አሉን። ያ ሆነ መቋጫ።

መጦሪያው ከባሕሩ ዳር ነው፣ አሽቀሎን ጫፍ ላይ።
መንግሥት ያስተዳድረዋል፤ መቶ ሰማንያ ስድስት አዛውንት
በቀን ሦስት ጊዜ ይበሉበታል።
ጨው በነፋስ ይመጣል፤
የማይዝግ ብረት የሚሉትን ሲዝግ አይቻለሁ።
ውሃውም ኖራ ነው፣ ማሞቂያውን እንደ ቆዳ ይለብሰዋል፣
ፍቄው ሄጄ ስመለስ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል።

የወተቱ ወጥ ቤት ሰማያዊ ቀለም፣
የሥጋው ቀይ ምልክት፤ መቀያየጥ የለም።
ሁለት ብሩሽ አለኝ፣ ሁለት ጨርቅ፣ ሁለት ባልዲ፣
በሰባት ዓመቴ አንድ ቀን አልሳትሁም፤ ይኼን አያውቅም ጋዲ።

ውሉን ኦርና አሳየችኝ። ሠላሳ አራት ገጽ፣
የመቀጫው ክፍል ብቻ ዘጠኝ።
«ተቋራጩ ጥሪ በደረሰው በአራት ሰዓት ውስጥ ይገኛል።
ተቋራጩ አንድ (1) ቴክኒሻን ይመድባል።»
እኔ ነኝ እሱ። በፊደል አንድ፣ በአሃዝም አንድ፣
በቅንፍ ታጥሬ የቆምሁ፣ ስም የሌለኝ ወንድ።

አባሪ ሁለት፣ የዕቃዎች ዝርዝር፤ አርባ አንድ ናቸው።
ሦስት የእንፋሎት ምድጃ፣ ሁለት ሳህን ማጠቢያ፣
የድንች መላጫው፣ የዳቦ ማሞቂያ፣
እያለ ይወርዳል።
ከማዕዘኑ ያለው ተገልባጭ ድስት ግን የለም፣
መቶ ሃምሳ ሊትር የሚይዘው፣ የዓርቡ ሾርባ የሚበስልበት።
ታርጋው ወድቋል ድሮ፤
ቆጣሪ ደግሞ ታርጋ እንጂ ድስት አይቆጥርም።
ኦርናን ጠየቅኋት። «የሌለ ዕቃ አይበላሽም» አለችኝ።
ቀልዷን አልነበረም።

ጋዲ ደወለልኝ። «ያየህ፣ ማሽኖቹን አንተ ታውቃቸዋለህ፣ ና።»
ሥራው ያው፣ መፍቻው ያው፣ ሸሚዙ ግራጫ ሆነ።
በርክክቡ ቀን ሰነዱን ሳገላብጥ
ለማቀዝቀዣው እንኳ፣ ለዚያ ለሚያንኮራፋው፣
አሥራ አንድ ዓመት ከነወሩ ተጽፎለት አገኘሁ።
የኔ ከዜሮ።
የዓመት ዕረፍቴ ከዜሮ፣ የሕመም ቀኔ ከዜሮ፣
ሰባት ዓመት እንደ ሳሙና ውሃ ወረደ ተንቆርቁሮ።

ዓርብ እኩለ ቀን። ሰንበት ሊገባ ነው።
ፈንታዬ ከወጥ ቤት ወጣች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።
«ድስቱ አልገለበጥ አለ።»
እሱ ውል ውስጥ የለም ማለት ነበረብኝ።
«ሽማግሌዎቹስ ውል ውስጥ አሉ?» አለች፣ አፌን ሳልከፍት።
ከሥሩ ተጋደምሁ። ጥርሱ የተበላ ማርሽ፣
የደረቀ ቅባት፣ በቅባቱም ላይ
የዛሬ ሁለት ዓመት የተውሁት የገዛ ጣቴ አሻራ።
«እናትህ ያየህ ያለችህ» አለች ከላይ፣ «ማን እንዲያይህ ነው?»
መልስ አልነበረኝም፣ ብሎን በጥርሴ ይዤ ነበር።
ማርሹ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ዞረ።

ኪሴ ውስጥ ያሮጌው ሸሚዜ የስም ታርጋ ነበር፣
የነሐስ፤ ያኛው ኩባንያ የሰጠኝ አንድ ነገር።
በሁለት ሪቬት ድስቱ ሆድ ላይ መታሁት።
ለምን? እንጃ። ቀዳዳው ነበረ፣ ታርጋውም ነበረ።

ከወር በኋላ ቆጣሪ መጣ፣ ልጅ እግር፣ ታብሌት የያዘ።
ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ያየህ። የፋብሪካው ስም ነው?»
«አዎ።»
«የጣሊያን ነው?»
«የወገራ ሥሪት ነው።»
ፈንታዬ ሳቋን ለመደበቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገባች።
ልጁ ጻፈ። ተራ ቁጥር አርባ ሁለት።
«የአገልግሎት ዘመን?»
ያን ጊዜ የሳቀ የለም።
«ሰባት ዓመት» አልሁት፣ «ከአራት ወር።»
ጻፈ።